«ስሜት» የተባለው ቃል ከጆሮ ስለ መወለዱ

በባሕር ዳር ከተማ በፋሲሎ የሚኖር ሰው በታኅሣሥ ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሐይቁ ዳር ቢወርድ፥ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ሲያገኘው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «ብርድ ተሰማኝ» ይላል። ይህን አነጋገር ሁላችንም በየቀኑ ስለምንናገረው የሚያስደንቅ ነገር ያለበት አይመስለንም። ነገር ግን ጥቂት ቆም ብለን ብንመረምረው እንግዳ ሆኖ እናገኘዋለን። ብርድ አይጮኽም፥ አይናገርም፥ ኮቴም የለውም። ሰውየው ብርዱን ያወቀው በቆዳው እንጂ በጆሮው አይደለም። ታዲያ አማርኛችን የጆሮን ቃል ለቆዳ ያዋሰው ስለ ምን ነው? እንዲሁም ሕመም ይሰማናል፤ ድካም ይሰማናል፤ ኀዘንና ደስታ ይሰማናል። ከዚሁ ግስ «ስሜት» የሚለውን ስም አውጥተን ለአምስቱ ሕዋሳት ሥራም ለልብ መነካትም ሰጥተነዋል። የዛሬው ንግግራችን የዚህን ቃል ትውልድ ለመከተል የታሰበ ነው። በመንገዳችንም አንድ ክፉ ልማድ ስለምናገኝ እርሱንም ሳንነካው አናልፍም።

«ሰማ» የሚለው የአማርኛ ግስ አባቱ የግዕዙ «ሰምዐ» ነው። በቅኔ ቤት ግስ ያወረደ ተማሪ እንደሚያውቀው፥ «ሰምዐ» የሚሄደው በ«ገብረ» መንገድ ነው፤ መካከለኛው ፊደል ሳድስ ሲሆን መጨረሻው ከጉሮሮ የሚነገረው ዐይኑ «ዐ» ነው። አማርኛ በዘመን ብዛት የጉሮሮን ድምፆች እየተወ ስለ መጣ ይህም «ዐ» ወደቀ፤ ሲወድቅ ግን ባዶውን አልሄደም፤ ከፊቱ የነበረውን ፊደል ራብዕ አድርጎ «ማ» ብሎ ተወው። «በልዐ» የነበረው «በላ»፥ «መጽአ» የነበረው «መጣ»፥ «ነሥአ» የነበረው «ነሣ»፥ «ወፅአ» የነበረው «ወጣ» የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲህ በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ራብዕ ፊደል ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያ ቦታ አንድ የጉሮሮ ፊደል ተቀብሮ ያገኛል።

ቃሉ የእኛ ብቻ አይደለም። ዕብራውያን «ሻማዕ» ይላሉ፤ ዓረቦች «ሰሚዐ» ይላሉ፤ በባቢሎን ሰዎች የሸክላ ጽላት ላይ እንኳ «ሸሙ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች መካከል «እስማኤል» ማለት «እግዚአብሔር ይሰማል» ማለት ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈውም ልያ ልጇን «ስምዖን» ያለችው እግዚአብሔር ስለ ሰማት ነው። ስለዚህ በአገራችን ወንድ ልጁን ስምዖን ብሎ የሚጠራ አባት ሁሉ፥ ሳያውቀው የዛሬውን ቃላችንን ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ቃል ለመተርጐም የሚቸኩሉ ሰዎች ፊደሉ የተቀራረበውን ሁሉ ዘመድ ማድረግ ይወዳሉ። «ሰማይ» ከ«ሰማ» መጣ፥ የጸሎት መሰሚያ ነውና የሚሉ አሉ፤ «ስም»ንም ሲጠሩት የሚሰማ ስለሆነ ከዚሁ ያዘምዱታል። ትርጓሜው ለጆሮ ያምራል፤ እውነት ግን አይደለም። በ«ሰማይ»ም ሆነ በ«ስም» ውስጥ ዐይኑ «ዐ» በግዕዝም በዓረብኛም በዕብራይስጥም የለም። ይልቁንስ የሚያደናግረው «ሰም» ነው፤ ንብ የምትሠራው ማለቴ ነው። እርሱ በግዕዝ ሲጻፍ ዐይኑን «ዕ» ይዞ ይገኛልና። ነገር ግን የእርሱ መነሻ ንጉሡ «ሠ» ነው፤ «ሠምዕ» ይባላል፤ በዓረብኛም «ሸምዕ» ነው። አማርኛ ንጉሡን «ሠ» እና እሳቱን «ሰ» በድምፅ አንድ ስላደረጋቸው ሁለቱ ቃላት መንትያ መሰሉ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም። ስለዚህ የጎንጅም ሆነ የዋሸራ ቅኔ አዋቂ «ሰምና ወርቅ» ሲል የሚናገረው ስለ ንብ ሰም እንጂ ስለ መስማት አይደለም። ፊደልን እንደየሥሩ መጻፍ ለምን እንደሚጠቅም ለሚጠይቁ ወጣቶች ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ከ«ሰማ» ቤት የተወለዱት ልጆች ብዙዎች ናቸው። «ስሜት» የተሠራው «ወጣ» ብሎ «ውጤት»፥ «ለካ» ብሎ «ልኬት»፥ «ሰካ» ብሎ «ስኬት» በተሠራበት መንገድ ነው። «ችሎታ» ከ«ቻለ»፥ «ይዞታ» ከ«ያዘ» እንደ ወጣ፥ «ስሞታ»ም ከ«ሰማ» ወጣ፤ ሰሚ የሚፈልግ በደል ማለት ነው። «ተስማማ» የሚለውማ ከሁሉም ይልቅ የሚወደድ ነው። ቃሉን ብትፈታው እርስ በርስ ተሰማማ ማለት ነው። ሁለት ባላጋራዎች በሽማግሌ ፊት ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ነገር ሲሰማ «ተስማሙ» ይባላል። ከዚያም ወዲያ ቃሉ እየሰፋ ሄዶ ምግብ ለሆድ፥ አየር ለጤና፥ መሬት ለዘር «ተስማሚ» ሆነ። ጤፍና መሬት ጆሮ ኖሯቸው እንዳልተደማመጡ የታወቀ ነው። «አማርኛ ይሰማል»፥ «ግዕዝ ይሰማል» ስንልም ያውቃል ማለታችን ነው። ይህን የመጨረሻውን አነጋገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ «ተሰማኝ» እንምጣ። «እሰማለሁ» ባልሁ ጊዜ የነገሩ ባለቤት እኔ ነኝ። «ይሰማኛል» ባልሁ ጊዜ ግን ባለቤቱ ብርዱ፥ ሕመሙ፥ ኀዘኑ ነው፤ እኔ ተሳቢ ሆኛለሁ። ነገሩ ራሱ መጥቶ በእኔ ይሰማል። አማርኛ በሰው ላይ ሳይጠሩት የሚመጣውን ሁሉ የሚናገረው በዚህ ዐይነት ነው። «ራበኝ፥ ጠማኝ፥ በረደኝ፥ ሞቀኝ፥ ደከመኝ፥ አመመኝ» እንላለን። ፈረንሳዊ «ረኃብ አለኝ» ብሎ ረኃቡን እንደ ንብረት ይይዘዋል፤ እንግሊዛዊም «የተራብሁ ነኝ» ብሎ ራሱን ባለቤት ያደርጋል። እኛ ግን ረኃቡን አድራጊ አድርገን እኛ እንመታለን። ችግርን የሚያውቅ ሕዝብ አነጋገር ነው ብል የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ተመልከት። በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ወደምትሸጥ እናት ቀርበህ «እማማ፥ ቅቤው ለጋ ነው?» ብትላት፥ «አሽትተህ እየው፥ ልጄ» ትልሃለች። ማር ሻጩ «ቅመሰውና እየው» ይልሃል፤ ኩታ ሻጩም «ዳስሰህ እየው» ይላል። የዘጌን ቡና የሚሸጥልህም ሰው እንዲሁ «ቆርጥመህ እየው» ሊልህ ይችላል። ማሽተት የአፍንጫ ነው፤ መቅመስ የምላስ ነው፤ መዳሰስ የእጅ ነው። ነገር ግን ሁሉም መጨረሻቸው «እየው» ሆነ። «አዳምጠህ እየው» ስንል ጆሮን እንኳ ለዓይን እናስገዛዋለን። እንግዲህ አማርኛ የሕዋሳትን ግዛት ለሁለት ግሶች አካፍሎታል ማለት ነው። ሰው ፈልጎ ሄዶ፥ ሞክሮ፥ መርምሮ የሚያገኘው በ«አየ» ይነገራል። ሳይፈልገው ወደ እርሱ የሚመጣው በ«ተሰማ» ይነገራል።

ይህ አከፋፈል ከወዴት መጣ ቢሉ፥ በእኔ አስተያየት ምክንያቱ በፊታችን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዓይን ክዳን አለው፤ ያልወደድነውን ላለማየት እንጨፍነዋለን፥ ወይም ፊታችንን እናዞራለን። ጆሮ ክዳን የለውም። የጎረቤት ለቅሶ በሌሊት ሲነሣ የተኛውን ሰው ፈቃዱን ሳይጠይቅ ይገባበታል። ስለዚህ ከሕዋሳት ሁሉ መካከል ሰውን ተቀባይ የሚያደርገው ጆሮ ስለሆነ፥ ሳይጠሩት ለሚመጣ ነገር ሁሉ ስሙን አበደረ። አፍንጫም እኮ ክዳን የለውም የሚል ሰው ቢነሣ እውነቱን ነው፤ ግን እርሱም ቢሆን «ሸተተኝ» እያለ በዚያው በተሳቢው መንገድ የሚሄድ ስለሆነ ነገራችንን ያጠናክርልናል እንጂ አያፈርስብንም።

ይህንን ለማስረዳት ከጢስ ዓባይ የሚሻል ስፍራ አይገኝም። ከባሕር ዳር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዓባይ ከአርባ ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወርዳል። ስሙን የሰጠው ዓይን ነው፤ ከሩቅ የሚታየው የውኃ ብናኝ ጢስ ይመስላልና። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ግን ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ከጢሱ በፊት ድምፁን ይሰማል፤ ቀረብ ሲልም ጩኸቱን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱና በእግሩ ሥር ባለው ድንጋይ ይቀበለዋል። በዚያ ላይ የቆመ ሰው «ይሰማኛል» ሲል በየትኛው ሕዋስ እንደ ተናገረ ራሱም ሊለየው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፏፏቴው አጠገብ ተሠራ፤ በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ፤ በ2010 ደግሞ የበለስ ማመንጫ ተከፍቶ ውኃውን ከጣና በቀጥታ ወደ በለስ ወንዝ ይወስድ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ፏፏቴው በበጋ የቀድሞውን ያህል ውኃ አያገኝም። መብራት ለአገር የሚያስፈልግ ነውና ስለዚህ የምናዝንበት ነገር የለም፤ ሆኖም የአካባቢው ሰው የዓባይን ድምፅ ሲሰማ የኖረ ስለሆነ ዝምታውም ሊሰማው ግድ ነው። ዝምታም ይሰማል እንላለን፤ እንዴት ያለ ቃል ነው!

የ«ሰምዐ» ሌላው መንገድ ከዚህ የጠለቀ ነው። በግዕዝ «ሰማዒ» ማለት ሰሚ ማለት ነው፤ «ስምዕ» ማለት ግን ምስክርነት ነው፤ «ሰማዕት»ም ምስክሮች ማለት ነው። የሰማ ሰው የሰማውን ለመናገር ግዴታ አለበትና፥ ከመስማት ወደ መመስከር ያለው መንገድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው። በጥንቱ በሳባ ቋንቋ ጽሕፈትም ይኸው ሥር ለመስማትም ለምስክርነትም ሲያገለግል ይገኛል። የክርስትና መጻሕፍት ከግሪክ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ፥ በግሪክ «ማርቲስ» ማለት ምስክር ማለት ስለሆነ፥ ስለ እምነታቸው እስከ ሞት የመሰከሩት «ሰማዕታት» ተባሉ። በባሕር ዳር በዓባይ ወንዝ ዳር ከቆመው የሰማዕታት ሐውልት በታች የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያነበው ይህንኑ ቃል ነው። ዛሬ «ሰማዕት» ሲባል የምናስበው ደምንና ሞትን ብቻ ነው፤ በቃሉ ውስጥ ግን ሞት የለበትም፤ ጆሮና አፍ ናቸው ያሉበት።

በጣና ዙሪያ ያለው ትምህርትም በዚሁ ሥርዐት የቆመ ነው። የዜማ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተሠራ ይነገራል። ምልክቱ ግን የሚያስታውስ እንጂ የሚያስተምር አይደለም፤ ተማሪው ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው። ድጓ የጨረሰው ተማሪ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ በደቡብ ጎንደር ወዳለችው ቤተ ልሔም ሄዶ «ያስመሰክራል»፤ ለዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። የሰማውን በሰሚ ፊት ደግሞ ሲያሰማ ያን ጊዜ መምህር ይባላል። «ሰምዐ» እና «ስምዕ» አንድ ቤት መሆናቸውን መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ለሚያስረዳ ሰው ይህ ይበቃዋል።

መዝገበ ቃላትስ ቢሆን የተጀመረው በጆሮ አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛን መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ቃሉን የሰጡት አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት የአምሐራው ካህን ናቸው፤ በሮም በ1649 ተገናኝተው፥ በ1652 ደግሞ በጎታ ከተማ አብረው ተቀምጠው፥ አንዱ እየተናገረ ሌላው እየሰማ ነው ሥራው የተሠራው። በአገራችንም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቁ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በደስታ ተክለ ወልድ ድካም በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት የበቃው አንዱ ሊቅ የሌላውን አደራ ሰምቶ ስለ ጠበቀ ነው።

እንዲህ ስንል ግን ነገሩ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጣ እንዳይመስለን መጠንቀቅ ይገባናል። ትግርኛ «ሰምዐ» ብሎ ከዚያው «ስምዒት» ይላል፤ እኛ የጣልነውን «ዐ» እርሱ ጠብቆ ይዞታል። ይህስ የግዕዝ ቤተ ሰብ ነው እንበል። ነገር ግን ከሌላ የቋንቋ ወገን የሆነው ኦሮምኛም መስማትን «ዸገኡ» ብሎ፥ ሕመም ወይም ብርድ ሲሰማው «ነቲ ዸገአሜ» ይላል፤ ሲተረጐም «በእኔ ላይ ተሰማ» ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ በደጋውና በቆላው አብረው የኖሩት ሕዝቦች በአነጋገር ብቻ ሳይሆን በአስተሳሰብም ሲዋዋሱ ኖረዋል ማለት ነው። ከባሕር ማዶ ሲታይ ደግሞ ጣልያኖች «ሴንቲሬ» በሚለው አንድ ቃል ይሰማሉም፥ ይሸታቸዋልም፥ ይበርዳቸዋልም። ልዩነቱ የእነርሱ ቃል በላቲን መጀመሪያ መላውን ሰውነት የሚመለከት ሆኖ ሳለ በኋላ ወደ ጆሮ መጥበቡ ነው። የእኛው ከጆሮ ተነሥቶ ወደ ሰውነት ሰፋ። በአንድ መንገድ ላይ ከሁለት ወገን መጥተው ተገናኙ እንደ ማለት ነው።

«ስሜት»ን ብዙ ጊዜ ተከትሎት ስለሚሄደው ስለ «ሕዋስ» ጥቂት እንበል። ይህ ቃል በግዕዝ መጻሕፍት አምስቱን ሕዋሳት፥ ማለትም ማየትን፥ መስማትን፥ ማሽተትን፥ መቅመስንና መዳሰስን የሚያመለክት ነው፤ ከዓረብኛው «ሐዋስ» ጋር በፊደልም በትርጉምም ይገጥማል። በመካከለኛው ዘመን ብዙ መጻሕፍት ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መመለሳቸው የታወቀ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ግን «ሕዋስ» ለሌላ ነገር ተሰጠ፤ በአጉሊ መነጽር ለምትታየው፥ የሕያዋን አካል ሁሉ ለሚሠራባት ጥቃቅን ክፍል መጠሪያ ሆነ። እነሆ ተማሪው በአንድ ገጽ ላይ ዓይን የስሜት ሕዋስ ነው የሚል ያነባል፤ በሌላው ገጽ ደግሞ ዓይን እጅግ ብዙ ከሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ነው ይባላል። ልጁ ግራ ቢገባው ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ለሁለቱ ሁለት ቃል ማበጀት በተገባ ነበር።

«ስሜት» ራሱም ከዚህ ያልተናነሰ ሸክም ተሸክሟል። በ«ስሜት ሕዋሳት» ውስጥ የሰውነትን መቀበል ይናገራል፤ በ«አገር ፍቅር ስሜት» ውስጥ የልብን ነገር ይናገራል። ያገራችን ሰው የልቡን ነገር ሲገልጥ ከጥንት ጀምሮ የሰውነቱን ክፍል ይጠራል፤ «ሆዴ ባባ፥ አንጀቴ ተላወሰ፥ ልቤ ተነካ» ይላል። እነዚህ ሁሉ ዛሬም ሕያዋን ናቸው። በጽሕፈትና በስብሰባ ላይ ግን «ስሜት» ቦታቸውን ወርሶታል፤ ከወረሰም በኋላ «ስሜታዊ» የሚል ልጅ ወልዶ መዘለፊያ ሆነ። «እገሌ ስሜታዊ ነው» ሲባል ሳያመዛዝን የሚናገር ማለት ነው። በትውልዱ ቢፈረድ ግን ስሜት ያለው ሰው ማለት ሰሚ ማለት ነው፤ ሳያመዛዝን የሚጮኸው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልሰማው ነው።

ስለ ክፉው ልማድ የሰጠሁት ተስፋ አለና ወደዚያ ልለፍ። «ደነቆረ» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የጆሮ ነው፤ «ጩኸቱ አደነቆረኝ» ስንል ዛሬም በቀጥታው ትርጉሙ እንገለገልበታለን። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው «ግዕዝ ይሰማል» ማለት ያውቃል ማለት ከሆነ፥ የማይሰማው የማያውቅ ሆነ፤ በዚህም መንገድ «ድንቁርና» አለማወቅ ማለት ሆኖ ቀረ። በቀድሞ ዘመን ጋዜጣና ራዲዮ ስለ ትምህርት ሲናገሩ ድንቁርናን ከረኃብና ከበሽታ ጋር ቆጥረው ጠላት ይሉት ነበር። አሳቡ ቅን ነበረ። ነገር ግን በዚያው ቃል ጆሮው የተዘጋው ወንድማችን ሁሉ፥ ጥፋት ሳይኖርበት፥ ከአገር ጠላት ጋር ተቈጠረ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «መሃይምነት» የሚለው ቃል ጐልቶ ወጣ። እርሱም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው፤ በግዕዝ «መሃይምን» ማለት ታማኝ፥ ምእመን ማለት ነው፤ ካህን ያልሆነው ምእመን ፊደል ያልቈጠረ መሃይም ተባለ። ቢሆንም ይህ ቃል የማንንም አካል አያነሣም።

ደንቆሮን አላዋቂ ማለት በነገሩም ሐሰት ነው። ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን ዘጠነኛውን ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1824 በቪየና ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ ጆሮው የሰዉን ጭብጨባ እንኳ አይሰማም ነበር። ወደ አገራችን ስንመጣ፥ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ፤ በእጅ የሚነገር በዓይንም የሚሰማ ቋንቋ ነው። «በዓይን የሚሰማ» ያልሁት ለጨዋታ አይደለም። አማርኛ «ሰማ»ን ከጆሮ አውጥቶ ለቆዳ፥ ለሆድ፥ ለልብ ከሰጠ ቆይቷል፤ መስማት የተሳነው ሰውም ከበሮ ሲመታ በደረቱ ይሰማዋል፤ ብርዱም ኀዘኑም ፍቅሩም ይሰማዋል። አንዱ ቃል፥ «ደንቆሮ» የሚለው፥ ይህን ሰው ከማወቅ ሲያስወጣው፥ ሌላው ቃል፥ «ተሰማው» የሚለው፥ መልሶ ያስገባዋል። ሁለቱም ከዚያው ከጆሮ ተነሥተው ወደ ሰው ሁሉ ነገር የሰፉ ናቸው፤ አንደኛው ግን በትክክል ሰፋ፥ ሁለተኛው በግፍ ሰፋ። መምረጥ የተናጋሪው ፈንታ ነው። በዚህ ዓምድ ጆሮው ያልሠራለትን «መስማት የተሳነው»፥ ፊደል ያልቈጠረውን «ያልተማረ» ብለን እንጽፋለን፤ «ደንቆሮ»ን የምንጽፈው እንደ ዛሬው የቃሉን ታሪክ ስንናገር ብቻ ይሆናል።

ከሕዋሳት መካከል ለምላስ ዛሬ ጊዜ አልበቃንም። «ጣመ» የሚለው ከግዕዙ «ጥዕመ» መምጣቱን፥ «ጤና» ደግሞ ከሌላው ከ«ጥዕየ» ወገን መሆኑን፥ ሁለቱም ስለ ምን ተመሳስለው እንደሚታዩ በሚመጣው ሳምንት ንግግራችን እንመለከተዋለን።